ስለ ሻይ አፈላል
(በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ጥቁር ሻይና አረንጓዴ ሻይ የአንድ ተክል ቅጠል ናቸው። ጥቁሩ ታሽቶ አየር እያገኘው ይጠቁራል፤ አረንጓዴው ግን እንዳይጠቁር ቶሎ በሙቀት ይደርቃል።

ይህን ሳላውቅ ባለፈው ዕረፍት ለአባቴ አረንጓዴውን እንደ ውሽውሽ ጥቁር ሻይ አንተክትኬ አቀረብሁላቸው። ጨርሰው ጠጡና፥ «ልጄ፥ ይህ ለምን በሽታ የሚሆን መድኃኒት ነው?» አሉኝ። እጅግ አፈርሁ።

ለጥቁሩ የፈላ ውኃ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፥ ለአረንጓዴው ፈልቶ በረድ ያለ፥ 80 ዲግሪ ያህል የሞቀ ውኃ 2 ደቂቃ ይበቃል። ቀረፋና ቅርንፉድ የሚገባበት ከሆነ ቅመሙ አስቀድሞ ይፍላ፤ ቅጠሉ በመጨረሻ ይጨመር። ቅጠሉ ብዙ ሲፈላ ይመራል፤ እኛም ምሬቱን በስኳር እንሸፍናለን።

በማግሥቱ እንደ ሥርዓቱ አፈላሁላቸው። አባቴ ያለ ስኳር ጠጥተው ብርጭቆውን ደግመው ዘረጉልኝ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ መራራ ነው ብለን ከመጣላችን በፊት አያያዛችንን እንመርምር።