በቤታችሁ ያለውን ኬሚካል በስሙ መዝግቡት



ዛሬ ስለ አረጫጨት አልናገርም፤ እሱን በተግባር ታውቁታላችሁ። የምናገረው ከርጭት ተርፎ ቤት ስለሚቀመጠው ነው። እስቲ አስቡት፤ አሁን እቤታችሁ ስንት ዓይነት ኬሚካል አለ? ማላታይኑና ቱፎርዲው ይታወቃል። አልጋ ሥር የተሸጎጠውስ ስሙ ማን ነው?

የምጠይቀው በምክንያት ነው። እኔ በምከታተለው አንድ ቀበሌ፣ በሃይላንድ ተቀንሶ የተቀመጠ ኬሚካል ልጅ ጠጣ። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ባለሙያዋ በቅድሚያ የጠየቀችው "ምንድን ነው የጠጣው?" ብላ ነው። አባትየው "የአረም ይሁን የተባይ እንጃ" አለ። ልጁ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። ማላታይን ቢሆን አትሮፒን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ለነቀዝ ክኒን (ለአሉሚኒየም ፎስፋይድ) ግን ማርከሻ የለውም። ስሙን ማወቅ ይህን ያህል ዋጋ አለው።

በአገር ደረጃም ደርሶብናል። ለአንበጣና ለሌላ ተባይ መከላከያ የመጣ ኬሚካል በየመጋዘኑ ከርሞ፣ በርሜሉ ዝጎ፣ ጽሑፉ ጠፍቶ ተገኘ። በ1990ዎቹ ተቆጥሮ ከ1,000 ቶን በላይ የሚሆነው ፊንላንድ ድረስ ተጭኖ ተቃጠለ። እዚያው በወቅቱ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልተከማቸ!

እናንተ የሚያስፈልጋችሁ አንድ ደብተር ነው። የኬሚካሉን ስም ከመያዣው ላይ እንዳለ ገልብጡ፤ ማንበብ የሚያስቸግር ከሆነ ተማሪ ልጃችሁ ይጻፈው። የተገዛበትን ቀን፣ የቀረውን መጠን፣ ጊዜው የሚያልፍበትንም አስፍሩ። ከመለያው ግርጌ ያለውን ቀለም አትርሱ፤ ቀይ እጅግ አደገኛ ነው፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ አረንጓዴው ይሻላል። አረንጓዴ ነው ተብሎ ግን በባዶ እጅ አይነካም።

ቲማቲም የምታመርቱ የረጫችሁበትንም ቀን ጻፉ። ከርጭት እስከ ለቀማ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት መለያው ይነግራችኋል፤ ያ ቲማቲም ፒያሳ ደርሶ ማን እንደሚበላው አታውቁም።

የቀን ሠራተኛ ስትቀጥሩ ከመርጨቱ በፊት ከደብተሩ አንብቡለት። ምን እንደተሸከመ ማወቅ መብቱ ነው፤ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ መስጠትም የእናንተ ድርሻ ነው።

ስሙ የጠፋበትን ዕቃ አትክፈቱ፣ አታሽትቱ፣ ወንዝም አትድፉ። "ያልታወቀ" ብላችሁ መዝግቡና ልጅ የማይደርስበት ቦታ ቆልፋችሁ ለቀበሌያችሁ የልማት ሠራተኛ አሳውቁ።