ጫማ የሚመረጠው ከእግር ተነሥቶ ነው
(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጫማ ነው። ከመካከላችን እንግዳ ይዘው ወደ አሸተን ማርያም የሚወጡ አሉ። አቡነ ዮሴፍን ለሚጎበኙ መንገደኞች ስንቅ የሚይዙና ምግብ የሚያበስሉም አሉ። ቅዳሜ ገበያ ለመድረስ ገና ሳይነጋ የሚነሡም ብዙዎች ነን። እንጀራችን በእግራችን ነው። እግሯ የቆሰለ እህት የሳምንት ገቢዋን ታጣለች፤ ቁጠባዋም ይቋረጣል።

መንገዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አሸተን ከ3,000 ሜትር፣ የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ዳገቱ ተረከዝ ይልጣል፤ ቁልቁለቱ የእግር ጣትን ከጫማው ጫፍ ጋር ያጋጫል። በበጋ ጠጠሩ ያንሸራትታል፣ በክረምት ጭቃው ይይዛል፣ ከላይ ጓሳው ውስጥ ደግሞ ጠዋት ውርጭ ይጠብቃል።

ኮንጎ ጫማ ርካሽ ነው፣ ለጭቃም ይሆናል፤ ግን ላብ አያስወጣም፣ እርጥብ ድንጋይ ላይም ይከዳል። በረባሶ ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ጣትን ግን ከእንቅፋት አያድንም። ለቀን ሙሉ ጉዞ የሚሻለው ማሰሪያ ያለው፣ ሶሉ ጥልቅ ጥርስ ያወጣ፣ ከጣቶች ሥር ብቻ የሚተጠፍ ጫማ ነው። እንደ ጨርቅ የሚጠመዘዝ ከሆነ ለድንጋይ መንገድ አይሆንም።

ስንለካ ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ እግር ቀኑን ሙሉ ሲሄድ ያብጣልና። የምንጓዝበትን ካልሲ እናድርግ። ሁለቱ እግሮቻችን እኩል ላይሆኑ ስለሚችሉ በትልቁ እንለካ። ከአውራ ጣት ፊት የአንድ ጣት ስፋት ይቅር፤ ተረከዝ ግን ከፍ ዝቅ አይበል።

አዲስ ጫማ ተራራ ላይ አይመረቅም። አንድ ሁለት ሳምንት ውኃ ስንቀዳ፣ ወፍጮ ቤት ስንሄድ እናለማምደው። ከጉዞ በፊት ጥፍር እንቁረጥ። ቆዳችን መጋል ሲጀምር ውኃ ሳይቋጥር ቆም ብለን ፕላስተር እንለጥፍ። የራሰ ጫማ እሳት ዳር አይቀመጥም፤ ማጣበቂያው ይለቃል፣ ቆዳውም ይሰነጠቃል። ውስጡን ወረቀት ሞልቶ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ይሻላል።

«እናቶቻችን በባዶ እግራቸው ኖረው የለም ወይ?» የሚሉ አሉ። አዎ፣ ኖረዋል፤ ዋጋም ከፍለዋል። በአንዳንድ የሀገራችን ደጋዎች ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን እግር የሚያሳብጥ በሽታ ያመጣል። ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ ይከላከለዋል።

አበበ ቢቂላም በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። የሚነገረው ግን የቀረበለት ጫማ ስላልተስማማው ነው። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ዳግመኛ አሸንፏል። የማይስማማ ጫማ ከባዶ እግር እንደማይሻል፣ የሚስማማ ጫማ ደግሞ ሩጫ እንደማያግድ ከእሱ እንማራለን።

ለዚህ ነው ለወዳጆቻችን አንድ ነገር የምንለምነው። ከሩቅ የሚመጣ ጫማ በፍቅር እንደሚላክ እናውቃለን። ሆኖም ቁጥሩ የማይገጥም ጫማ ማንንም ተራራ አያወጣም፤ መጨረሻው ሣጥን ውስጥ መቀመጥ ነው። ከጫማው ይልቅ የጫማውን ዋጋ ብትልኩልን እያንዳንዷ እህት እዚሁ ለክታና ሞክራ ትገዛለች። የጫማ ነጋዴውና ጫማ ሰፊው ጎረቤታችንም ይጠቀማሉ።

እኛም የድርሻችንን እንወጣ። ከየወሩ ቁጠባችን ጥቂት ለጫማ እንለይ፤ ቅድሚያውም በየሳምንቱ ተራራ ለሚወጡት ይሁን። በሚቀጥለው ስብሰባ የእያንዳንዳችንን እግር ወረቀት ላይ አስቀምጠን ዙሪያውን በእርሳስ እንሥላለን፤ በመዝገብም እንይዘዋለን። ካልሲያችሁን ይዛችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ኑ።