በውኃ የተከበበ አገር ሀብቱ በምን ይጸናል

በገበዝ ማርያም ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ ቃል



ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ነገር ስለ መንገድና ስለ ንግድ፥ ይኸውም አንድ አገር በምን እንደሚበለጽግና በምን እንደሚደኸይ ነው። ነገሩ ሰፊ ስለ ሆነ ሁሉን በአንድ ቀን ለመጨረስ አይቻልም። ስለዚህ ከራሳችን ከጎጃም እነሣለሁ፤ ከዚያም በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ወዳለች አንዲት ታናሽ ደሴት እንሻገራለን፤ በመጨረሻም ወደ ማሳችን እንመለሳለን። የሌላው አገር ታሪክ ለአስተዋይ ሰው መስተዋት ነውና።

ጎጃም ባሕር ባይከባትም ደሴት የምትመስል አገር ናት። ዓባይ በሰከላ ከግሽ ፈልቆ፥ ግልገል ዓባይ እየተባለ ወደ ጣና ይገባል፤ ከጣናም ባሕር ዳር ላይ ወጥቶ በምሥራቅ በኩል ይዞራል፤ በደቡብ ይታጠፋል፤ ወደ ምዕራብም ሄዶ ወደ ሱዳን ይወርዳል። እንዲህ እየዞረ ከበጌምድር፥ ከወሎ፥ ከሸዋና ከወለጋ ይለየናል። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለው ሸለቆ ጥልቀቱ ከ1000 ሜትር ይበልጣል። በቀደመው ዘመን ክረምት ገብቶ ወንዙ የሞላ እንደ ሆነ፥ ነጋዴውም መልእክተኛውም ውኃው እስኪጎድል ድረስ በወዲያና በወዲህ ማዶ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር።

ቢሆንም ንግድ ከቶ አልተቋረጠም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ19ኛው መቶ ዓመት የባሶ ገበያ እጅግ የታወቀ ነበር። ከዓባይ ማዶ ከጉድሩና ከዚያ ወዲያ ካሉት አገሮች ቡና፥ ወርቅ፥ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣ ነበር፤ ከሰሜንም አሞሌ ጨው ይወርድ ነበር። ቡሬም ወደ ወለጋ ለሚሻገሩ ሰዎች በር ነበረች። ነገር ግን በዚያው መንገድ ሰው እንደ ዕቃ ተነድቶ ይሸጥ እንደ ነበረ መሸሸግ አይገባም። ይህም የሚያስተምረን፥ መንገድ በራሱ መልካምም ክፉም አለመሆኑን ነው። የመንገድ መልካምነቱ የሚታወቀው በላዩ በሚጫነው ነገር ነው።

ስለ ድልድይ ደግሞ ጥቂት ልበል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ17ኛው መቶ ዓመት፥ በዓባይ ላይ በድንጋይና በኖራ የታነጹ ድልድዮች ተሠሩ። አንዱ በጢስ ዓባይ አጠገብ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ሁለተኛው ከዚያ በታች ሲሆን፥ በ1928 ዓ.ም. በጀመረው የጣልያን ወረራ ጊዜ ስለ ተቆረጠ ሰባራ ድልድይ ተባለ። ከዚያም በኋላ የሁለቱ ማዶ ሰዎች በገመድ እየተጎተቱ ሲሻገሩ ብዙ ዘመን ኖሩ፤ የተጠገነውም በ1990ዎቹ ዓመታት ነው። አባቶች በጥቂት ዓመት የሠሩትን ጦርነት በአንድ ቀን እንደሚያፈርሰው፥ የፈረሰውንም ለመጠገን የሰው ዕድሜ ያህል እንደሚፈጅ ከዚህ ይታወቃል።

በእኛ ዘመን ግን መሻገሪያው በዝቷል። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን መንግሥት ርዳታ በዓባይ በረሓ 303 ሜትር ርዝመት ያለው የኅዳሴ ድልድይ ተመረቀ። በ2016 ዓ.ም. በግንቦት ወር ደግሞ በባሕር ዳር 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ ድልድይ ተከፈተ። ከቡሬም ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚደርስ የመኪና መንገድ አለ። በቡሬ የግብርና ውጤቶች የሚቀናበሩበት የኢንዱስትሪ ፓርክና ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. ተመርቀዋል። እነዚህ ሁሉ የሚያስመሰግኑ ሥራዎች ናቸው።

ጎረቤታችን ፍኖተ ሰላም ስሟ የሰላም መንገድ ማለት ነው። በዚህ ስም ውስጥ ትልቅ ምክር አለ፤ የመንገድ መሠረቱ ከድንጋዩና ከሬንጁ በፊት ሰላም ነውና። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት መንገድ በተዘጋ ጊዜ፥ ድልድዩ ሳይፈርስ ገበያው እንደ ተበተነ፥ ተማሪውም ከትምህርቱ እንደ ተለየ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ።

እንግዲህ እንጠይቅ። መንገዱ ተሠርቶ፥ ድልድዩ ተዘርግቶ፥ ሰላምም ሆኖ ቢገኝ፥ አገር በዚህ ብቻ ይበለጽጋልን? ለዚህ ጥያቄ መልስ እንድትሰጠን ወደዚያች ታናሽ ደሴት እንሂድ።

ስሟ ናውሩ ይባላል። ስፋቷ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በባሕሩ ዳር የሚዞረውን መንገዷን ጠዋት በእግሩ የጀመረ ሰው ከሰዓት በኋላ ሳይመሽበት ይጨርሰዋል። ሕዝቧም ከአንዲት መካከለኛ ወረዳችን ሕዝብ እጅግ ያንሳል። ነገር ግን በመካከሏ ፎስፌት የሚባል፥ ለአዝመራ ማዳበሪያ የሚሆን ብዙ ሀብት ነበራት። ይህም ባህር ማዶ ያሉ ሰዎች እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1907 ጀምሮ እየቆፈሩ ያወጡት ጀመር። በባሕሩ ዳር ያለው ውኃ ጥልቅ፥ ዳርቻውም ድንጋያማ ስለ ሆነ፥ መርከብ ተጠግቶ መቆም አይችልም ነበር። ስለዚህ ከየብስ ወደ ባሕር የሚዘረጉ ታላላቅ የብረት ክንዶች ተተከሉ፤ በእነርሱም ፎስፌቱ እንደ እህል እየተንቆረቆረ በመርከብ ሆድ ውስጥ ይፈስ ነበር። ከዚያም ወደ አውስትራልያና ወደ ኒው ዚላንድ ተወስዶ የእነዚያን አገሮች ማሳ ያለመልም ነበር።

ናውሩ በ1968 ነጻ ወጣች፤ በ1970ም የማዕድኑን ሥራ በእጅዋ አደረገች። ያን ጊዜ ገቢዋ በሕዝቧ ቍጥር ሲካፈል፥ በዓለም ካሉት ባለጠጎች አገሮች ጋር የምትቈጠር ሆነች። የራሷን አውሮፕላኖች ገዛች፤ በአውስትራልያም በሜልቦርን ከተማ 52 ፎቅ ያለው ሕንፃ አሠራች። ለመጪው ዘመን ብላ ያስቀመጠችው ገንዘብም ነበረ፤ ነገር ግን በከንቱ ሥራና በመጥፎ አያያዝ ባከነ። ፎስፌቱ እያለቀ በሄደ ጊዜ ዕዳ መጣ። ሕንፃው በ2004 ተሸጠ፤ በ2005 መጨረሻም የቀረላትን አንዱን አውሮፕላን ባለዕዳዎች ወሰዱባት።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን በምድሪቱ ላይ የደረሰው ነው። ከደሴቲቱ አምስት እጅ አራቱ እጅ ተቈፍሮ፥ አፈሩ ሄዶ፥ እንደ ጥርስ የቆሙ የድንጋይ ሾተሎች ብቻ ቀሩ። በዚያ ላይ አይታረስም፤ ቤትም አይሠራም። የሚበላው እህል ከሩቅ በመርከብ ይመጣል። የሌላውን አገር ማሳ ያለመለመች ምድር ለራሷ ልጆች የምታበቅለው አጣች።

አስተውሉ፤ ናውሩ የመጫኛ መሣሪያ አልጐደለባትም፤ መንገድም አውሮፕላንም አልጐደለባትም። የጐደለው፥ ከሚወጣው ነገር ፊት ቆሞ፥ በዚህ ፋንታ ምን ይመለሳል ብሎ የሚጠይቅ ነው።

በዚያው ውቅያኖስ ኪሪባስ የምትባል ሌላ የደሴቶች አገር አለች። በእርስዋም ባናባ በሚባለው ደሴት እንደዚሁ ፎስፌት ይወጣ ነበር፤ በ1979ም አለቀ። ነገር ግን ገና ሳያልቅ በ1956፥ ከዚያ ግብር ከሚገኘው ገንዘብ ከፍሎ የሚያስቀምጥ ጥሪት ተቋቁሞ ነበር። ያም ጥሪት ፎስፌቱ ካለቀ ከብዙ ዓመታት በኋላ እስከ ዛሬ ለመንግሥቱ መደገፊያ ሆኗል። ዮሴፍ በግብፅ በጥጋቡ ዘመን ለራቡ ዘመን እንዳከማቸ ማለት ነው። ሆኖም የባናባ ሰዎች ራሳቸው በ1945 ከአገራቸው ተነሥተው ወደ ፊጂ ተወስደዋልና፥ ገንዘብ ምንም ቢጠራቀም የተገፈፈ ምድርን እንደማይተካ ይህ ይመሰክራል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከእናንተ አንዱ፥ እኛ ፎስፌት አንቆፍር፥ ይህ ምን ያገናኘናል ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ አንቆፍርም። ነገር ግን የእኛ ፎስፌት የማሳችን የላይኛው አፈር ነው፤ እርሱም በሦስት መንገድ ይወጣል።

መጀመሪያው ጎርፍ ነው። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፤ ግንዱስ ይቅርና ከሁሉ የከፋው የሚሸከመው አፈራችን ነው። ይህ አፈር በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ የግብፅን እርሻ ሲያሰባ ኖሯል። ዛሬ ደግሞ በጉባ ታላቁ የኅዳሴ ግድብ በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2017 ዓ.ም. በጳጉሜን ተመርቋልና፥ ከየማሳችን ታጥቦ የሚወርደው ደለል በራሳችን ግድብ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ በቋሪትም በጃቢ ጠህናንም እርከን የሚሠራ ገበሬ፥ ማሳውን ሲጠብቅ የመብራቱንም ምንጭ ይጠብቃል።

ሁለተኛው ገበያ ነው። በቆሎው፥ በርበሬው፥ የባሕር ዛፉ አጣና በመኪና ተጭኖ ሲሄድ፥ ከአፈሩ የወሰደው ኀይል አብሮት ይሄዳል። መሸጥ ኀጢአት አይደለም፤ ገበሬ ካልሸጠ ልጁን ምን ያለብሳል? ነገር ግን ሽጦ ለምድሪቱ ምንም ሳይመልስ የሚኖር ሰው፥ ከላሙ ወተት እያለበ ገለባ እንደሚነፍጋት ሰው ነው።

ሦስተኛው እሳት ነው። የከብቱ ፋንድያ ወደ ማሳ በመመለስ ፋንታ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ይህም የሚሆነው በማገዶ እጦት ስለ ሆነ፥ የሚነድደውን ሰው መውቀስ አይገባም፤ ማገዶ የሚሆን ዛፍ በዳገቱና በወሰኑ መትከል ግን ይገባል።

በዚህ ምክንያት በምዕራብ ጎጃም በብዙ ቦታ አፈሩ ኮምጥጧል። ብዙ ዝናም የአፈሩን ልስላሴና ጥዕም አጥቦ ይወስዳል፤ ያለማቋረጥም መታረሱ ያደክመዋል። እንዲህ በሆነ አፈር ላይ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ፥ የዓባይን በረሓ ተሻግሮ፥ በብዙ ገንዘብ የመጣው ማዳበሪያ ቢበተን፥ ያ የኮመጠጠ አፈር ፎስፌቱን ይዞ ለሥሩ አይለቅም። መድኀኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይና ብስባሽ ነው። ይህም የኖራ ድንጋይ በራሳችን በዓባይ ሸለቆ ይገኛል። አባቶች ድልድይ ያቆሙበት ነገር ዛሬ ማሳን ያቆማል።

ስለዚህ ለእናንተ ለመምህራን የምለምነው አንድ ቀላል ነገር ነው። ሒሳብ ስታስተምሩ፥ ልጆቹ በገበያ ቀን በመንገዱ ዳር ሆነው ይቍጠሩ፤ በደብተራቸውም ሦስት ዓምድ ያስምሩ። በመጀመሪያው የወጣውን ይጻፉ፤ ስንት ኩንታል በቆሎ፥ ስንት ማዳበሪያ በርበሬ፥ ስንት ጭነት አጣና እንደ ሆነ። በሁለተኛው የገባውን፤ ጨውና ዘይት፥ ሳሙናና ልብስ። በሦስተኛው ደግሞ በዚያው ወር በየቤታቸው ለአፈሩ የተመለሰውን ይጻፉ፤ ብስባሽ፥ ኖራ፥ እርከን፥ የተተከለ ዛፍ። ዓመት ሲሞላ ሦስቱን ዓምዶች ለወላጆች ያንብቡ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ፥ የናውሩ ታሪክ በመንደራችን መጀመሩን ልጆቹ ራሳቸው ይነግሩናል።

እናንተ ሽማግሎች ደግሞ፥ ቃላችሁ በአገር ይሰማልና፥ ሁለት ነገር አጽኑልን። አንደኛው፥ ክረምት ሳይገባ የቀበሌው መንገድ ቦይ እንዲጠረግ ነው። መንገድን የሚያፈርሰው የመኪና ብዛት ብቻ አይደለም፤ መውረጃ ያጣ ውኃም ነው። ሁለተኛው፥ የውኃ መውረጃና ዳገት እንዳይታረስ፥ የተሠራውም እርከን በከብት እንዳይረገጥ በሸንጎ ሕግ ማቆም ነው። ዕድርን ያቆመ ሕዝብ ይህን ማቆም አይሳነውም። ከእህል ሽያጭም በየዓመቱ ጥቂት ለይቶ ለመንደሩ ጥሪት ማስቀመጥ ቢለመድ፥ ለኖራ መግዣና ለድልድይ መጠገኛ ይሆናል።

ድልድይ በር ነው፤ በር ደግሞ ያስገባልም ያስወጣልም። ቤቱን ጐተራው እንጂ በሩ አይመግበውም፤ ጐተራችንም ከእግራችን በታች ያለው አፈር ነው። አባቶቻችን ይህን ምድር ለምለም አድርገው አስረክበውናልና፥ እኛም ለልጆቻችን ሳናጐድል ለማስረከብ እንትጋ።