ከምላጭ በኋላ የሚወጣው እብጠት
(በፎንቆ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ጽሑፍ)



ዛሬ የማነሣው ርእስ ለጉባኤ የማይመጥን መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ጢም ከተላጨን በኋላ በአገጭና በአንገት ላይ ስለሚወጣው እብጠት ነው። ማንንም ላለማሳፈር ከራሴ ልጀምር።

በወጣትነቴ በየማለዳው እላጭ ነበር። ከአገጬ ሥር ጠጣር እብጠቶች ሲወጡ ከፀጉር ቤት የያዘኝ በሽታ መሰለኝ። ይበልጥ ጠጋ አድርጌ ተላጨሁ፤ ይበልጥ አበጠ። ከዚያም ያለ ሐኪም ማዘዣ የተሸጠልኝን የስቴሮይድ ቅባት ለወራት ተቀባሁ። እብጠቱ በረደ፤ ቆዳዬ ግን ሳሳ፣ ነጣም። ቅባቱን ባቆምሁ ጊዜ እብጠቱ ተመለሰ።

ስሕተቴ ምክንያቱን አለማወቄ ነበር። ስትራውስና ክሊግማን የተባሉ የቆዳ ሊቃውንት በ1956 እ.ኤ.አ. ሁኔታውን ሲያብራሩ «ሐሰተኛ የፀጉር ሥር ብግነት» በሚል ስም ጠሩት። ሐሰተኛ የተባለው መነሻው ተሕዋስያን ስላልሆነ ነው። የተጠቀለለ ፀጉር በምላጭ ሲቆረጥ ጫፉ ይሾላል። ሲያድግ ጎብጦ ተመልሶ ቆዳን ይወጋል። ቆዳን ወጥረን ስንላጭ ደግሞ የተቆረጠው ፀጉር ወደ ውስጥ ይሸሽና ሳይወጣ የቀዳዳውን ግድግዳ ይበሳል። ሰውነትም የገዛ ፀጉሩን እንደ እሾህ ቆጥሮ ይዋጋዋል። ብብታቸውንና ጉያቸውን የሚላጩ ሴቶችና ወንዶች የሚደርስባቸውም ይኸው ነው።

ስለዚህ ከተላጩ በኋላ የሚቀባው አልኮል ቆዳን ያቃጥላል እንጂ የጎበጠ ፀጉርን አያቃናም። ፍቱኑ መድኃኒት መታገሥ ነው። እብጠቱ እስኪጠፋ አራት ሳምንት ያህል ምላጭ አታስነኩት፤ ፀጉሩ ሲረዝም እንደ ሽቦ ተወጥሮ ራሱን ይነቅላል። በመርፌ አትቆፍሩት፤ ጠባሳ ይተዋል። ከዚያ በኋላ በማሽን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ አሳጥሩ። ምላጭ የግድ ከሆነ ቆዳውን በሞቀ ውሃ አለስልሱ፣ ፀጉሩ ወዳደገበት አቅጣጫ ተላጩ፣ ቆዳውን አትወጥሩ።

የምላጩ ነገር ግን ሌላ አደጋ አለው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን በሕይወት ይቆያል። ስለዚህ ምላጭ ከወንድምም ጋር ቢሆን አይጋሩትም። እብጠቱ መግል ከቋጠረ፣ ከማጅራት ላይ ጠጥሮ ጠባሳ መሥራት ከጀመረ ወይም ትኩሳት ካስከተለ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ሆሳዕና ሆስፒታል ትላካላችሁ።

በመጨረሻ ለእኛ ለመምህራንና ለአሠሪዎች አንድ ቃል አለኝ። ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ያልተላጨን ወጣት ንጽሕና የጎደለው አድርገን እናያለን። የአሜሪካ ጦር እንኳ በዚህ ሕመም ለተያዙ ወታደሮች ከመላጨት ነፃ የሚያደርግ የሐኪም ፈቃድ ሲሰጥ ቆይቷል። ጦር ሠራዊት የታገሠውን አንድ ሚሊ ሜትር ጢም የእኛ ክፍልና ቢሮ ሊታገሠው አይገባምን? ወጣቱን ቆዳውን እንዲያቆስል የሚያስገድደው ብዙ ጊዜ ምላጩ ሳይሆን የእኛ ዓይን ነው።