መብራታችን የሚጠፋው ለምንድን ነው?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሶላር ኮሚቴው ያሰማው ንግግር)



ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ የሱቃችን መብራት ሲጠፋ ሲመጣ መሰንበቱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ምሽት ላይ ፍሪጁ ሊነሣ ሲል ኢንቨርተሩ ይጮኻል፣ ቤቱ ድርግም ይላል፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ተመልሶ ይበራል። እርጎው ይሞቃል፤ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ የሰጠ ደንበኛ አኩርፎ ይሄዳል፤ የማታ ተማሪዎቻችን ደብተራቸውን ዘግተው በጨለማ ይቀመጣሉ። ከከተማ የመጣው ባለሙያ ባትሪዎቹን በዓይኑ ብቻ አይቶ «ሞተዋል፣ ሁለቱንም ቀይሩ» ብሎን ሄደ። የሁለት ባትሪ ዋጋ ደግሞ በዚያ ወር ለብድር ከመደብነው ገንዘብ ይበልጥ ነበር። በግ ለማድለብ የተመዘገቡና የሽንኩርት ንግድ የጀመሩ እህቶች ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ነገሩ እንዲጣራ ወሰናችሁ፤ ለእኛም ሰጣችሁን። ዛሬ የምንነግራችሁ ያጣራንበትን መንገድ ነው። በየቤታችሁ ትንሽ ሶላር ላላችሁም ይጠቅማልና በጥሞና ስሙን።

መጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። ጣሪያው ላይ ያሉት ፓኔሎች ከፀሐይ ኃይል ይሰበስባሉ። ኮንትሮለሩ ያንን ኃይል እየመጠነ ወደ ባትሪ ያስገባል። ባለ 12 ቮልትና 200 አምፔር ሰዓት የሆኑት ሁለቱ ባትሪዎቻችን ተቀጣጥለው 24 ቮልት ይሰጣሉ። ኢንቨርተሩ ደግሞ ያንን ለፍሪጅና ለአምፖል ወደሚሆን 220 ቮልት ይለውጠዋል። መብራት ሲጠፋ ከእነዚህ አንዱ ታሟል፤ ወይም እርስ በርስ የሚያገናኛቸው ገመድ ታሟል። ሰው ሁሉ ግን ገመዱን ትቶ ባትሪውን ይወቅሳል። ባትሪ ውድ ስለሆነ ይመስለናል፤ ውድ ዕቃ ወቀሳ አያጣም።

ሥራውን የጀመርነው በደብተር ነው። እኛ የቁጠባ ደብተር መያዝ የለመድን ሰዎች ነን፤ የማን ሳንቲም በየትኛው ሳምንት እንደገባ እናውቃለን። ያንኑ ልማድ ወደ መብራቱ አመጣነው። በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን፣ በዚያች ደቂቃ ይሠራ የነበረውን ዕቃ፣ ኮንትሮለሩ ላይ የሚነበበውን ቮልት፣ ኢንቨርተሩ መጮኹንና አለመጮኹን ጻፍን። በሁለት ሳምንት ውስጥ ነገሩ መልክ ያዘ። ፀሐይ ሲውልም ሲደምንም ይጠፋል፤ ግን ሁልጊዜ የሚጠፋው ፍሪጁ ሲነሣ ነው። ኮንትሮለሩም በዚያች ደቂቃ ከ24 ቮልት በላይ ያሳያል። ደግሞም ቶሎ ተመልሶ ይበራል። በእውነት የተራበ ባትሪ ቢሆን ኖሮ ብዙውን ጊዜ ያን ያህል ፈጥኖ አይመለስም ነበር።

ለምን ይመለሳል? ኢንቨርተር የሚደርሰው ቮልት ሲያንስበት ባትሪውን ለማዳን ራሱን ይዘጋል። በባለ 24 ቮልት ዕቃ ይህ ብዙውን ጊዜ 21 ቮልት አካባቢ ነው። ሲዘጋ ጭነቱ ይወርዳል፤ ጭነቱ ሲወርድ ቮልቱ ይመለሳል፤ ሲመለስ እንደገና ይበራል። የፍሪጅ ሞተር ደግሞ ሲነሣ ዘወትር ከሚስበው ብዙ እጥፍ ይስባል። የተጨናነቀ ቧንቧን አስቡ፦ በርሜሉ ሙሉ ነው፤ ቧንቧውን ጥቂት ከፈት ስታደርጉት ውሃው ደኅና ይወርዳል፤ ሙሉ በሙሉ ስትከፍቱት ግን አፉ ላይ ኃይል ያጣል። በርሜሉን በመቀየር ይህ አይድንም።

እንግዲህ ቴስተር መያዝ ነበረብን። ቴስተር ገበያ ላይ የሚገኝ ትንሽ መለኪያ ነው፤ ከባትሪ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ዋናው ቁም ነገር ግን የሚለካበት ጊዜ ነው። ምንም ሳይሠራ የተለካ ቮልት ስለ ገመድ ምንም አይነግርም፤ ኃይል ካልሄደበት ማነቆው አይታወቅም። የሚለካው ጭነት ላይ ነው። የፍሪጁ መነሻ ቅጽበት ስለሆነ ቴስተር አይደርስበትም፤ ስለዚህ ፀጉር ሥራ ካላት እህታችን የፀጉር ማድረቂያ ተውሰን በዝቅተኛው ላይ አበራነው። 500 ዋት ያህል ነው፤ ከባትሪው 23 አምፔር ገደማ ይስባል።

ባትሪው ጫፍ ላይ 24.4 ቮልት አነበብን። ኢንቨርተሩ መግቢያ ላይ 22.1። በዚያች አጭር ገመድ መካከል 2.3 ቮልት ጠፍቷል። ባትሪው ጫፍ ላይም 22 ቢሆን ኖሮ ባለሙያው እውነቱን ነበር፤ ያን ጊዜ ሁለቱን ባትሪ ለየብቻ እንለካና የትኛው እንደወደቀ እናይ ነበር። የእኛ ግን ቆሟል።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? ቮልቱ የት እንደሚቀር ለማግኘት ቴስተሩን በየመጋጠሚያው አስኬድነው። አንዱን ዘንግ ከመጋጠሚያው በፊት፣ ሌላውን ከመጋጠሚያው በኋላ አድርጎ ማንበብ ነው። ጤነኛ መጋጠሚያ ወደ ዜሮ የተጠጋ ያሳያል። ባትሪው ራስ ላይ ደኅና ነው። የኢንቨርተሩ ብሎን ደኅና ነው። በመካከል ባለው የፊውዝ መያዣ ላይ 1.9 ቮልት! 1.9 በ23 አምፔር ሲባዛ 44 ዋት ያህል ይመጣል፤ በዚያች ትንሽ ሳጥን ውስጥ ባለ 40 ዋት አምፖል እንደማብራት ነው። ማድረቂያውን አጥፍተን ክዳኑን በእጃችን ብንነካው ይፋጃል። ስንከፍተው ብሎኑ ሲተከል ጀምሮ በሚገባ ያልጠበቀ፣ ነሐሱ የጠቆረ ሆኖ አገኘነው። ትንሽ ቢቆይ መብራት ማጥፋት ብቻ ሳይሆን እሳትም ያስነሣ ነበር።

መያዣውን በአዲስ ቀየርን፤ የገመዱን ጫፍ ቆርጠን በአዲስ አሰርን፤ ብሎኑን አጠበቅን። እንደገና ስንለካ ኢንቨርተሩ መግቢያ ላይ 24.0 ሆነ። ፍሪጁ ተነሣ፤ መብራቱ ብልጭ እንኳ አላለም። ባትሪዎቹ እስከ ዛሬ እነዚያው ናቸው፤ የብድሩም ገንዘብ ለተመዘገቡት እህቶች ደርሷል።

ይህን ስትሰሙ ነገ ሄዳችሁ ባትሪ እንዳትፈታቱ። 24 ቮልት ሰውን አይገድልም ይባላል፤ ነገር ግን የብረት መፍቻ ሁለቱን ራስ ቢያገናኝ ብረቱን ያቀልጣል። ስለዚህ ቀለበት፣ አምባር፣ የአንገት የብር መስቀል እናወልቃለን፤ ነጠላችንን እናስራለን፤ የመፍቻውን እጀታ በፕላስተር እንጠቀልላለን። ባትሪ ሲሞላ የሚነድ ጋዝ ስለሚያወጣ ክብሪትና ሻማ አይጠጋም። መጀመሪያ ኢንቨርተሩ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ፓኔሉ ከኮንትሮለሩ ይለያል፣ ባትሪው በመጨረሻ። ሲመለስ ባትሪው ይቀድማል፣ ፓኔሉ ይከተላል።

የሌላ ሰው መብራት በሌላ ምክንያት ይጠፋ ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ ሁልጊዜ ንጋት አቅራቢያ የሚጠፋ ከሆነ ባትሪው ተርቧል ማለት ነው። ማለዳ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ምንም ሳይሠራ ለካ አድርጉት፦ ባለ 12 ቮልቱ የአሲድ ባትሪ 12.7 ካሳየ ጠግቧል፣ 12.2 ከሆነ ገሚሱ አልቋል፣ ከ12 በታች ከወረደ እየተጎዳ ነው። ተርቦ የሰነበተ የአሲድ ባትሪ ውስጡ ሰልፌት ይጋገርበትና እህል እንደጠላ በሽተኛ ኋላ ቢሰጡትም አይቀበልም። መድኃኒቱ በክረምት ጭነት መቀነስ፣ ፓኔሉን መወልወል፣ ያደገውን ቅርንጫፍ መቁረጥ ነው። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ውሃው ሲጎድል የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ይጨመርበታል፤ የምንጭ ውሃ ጥሩ ነው እያላችሁ የምትከራከሩን እናቶች አላችሁ፤ ለሰው ጥሩ ነው፣ ለባትሪ አይደለም።

ኢንቨርተሩ ከባትሪው ሳይሆን ከኮንትሮለሩ የአምፖል መውጫ ላይ የተቀጠለበት ቤትም አይተናል። ያ መውጫ ለጥቂት አምፖል የተሠራ ነው፤ ከበድ ያለ ዕቃ ሲነሣ ይዘጋል። ሊቲየም ባትሪ የገዛችሁ ደግሞ ቮልቱን ብቻ አትመኑ። ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ ቮልቱ እምብዛም አይወርድም፤ ከዚያ ውስጡ ያለው ጠባቂ በድንገት ይዘጋዋል።

አሁን ወደ አጋሮቻችን እንመለስ። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም 35 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ ከዋናው መስመር ውጭ ባለ ኃይል እንዲዳረስ አቅዶ ነበር። ይህ የእኛን መሰል ስንት ሺህ ባትሪ እንደሆነ አስቡት፤ ሁሉም ብሎን አለው። እናንተ ፓኔል ሰጥታችሁናል፤ እናመሰግናለን። ነገር ግን ከፓኔሉ ጋር ቴስተር፣ መፍቻ፣ መለዋወጫ ፊውዝና የባትሪ ውሃ አልመጣም፤ የአንድ ሳምንት ሥልጠናም አልነበረም። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ፓኔል ቀንሳችሁ እነዚህን ብታመጡልን እንመርጣለን። ሴት ይህን አትችልም የሚል ካለም በሕንድ አገር፣ በራጃስታን፣ ቲሎኒያ በተባለች መንደር ያለውን ቤርፉት ኮሌጅ ይመልከት፤ ከአፍሪካ አገሮች የሄዱ፣ ብዙዎቹ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችና አያቶች በቀለምና በምልክት እየተማሩ የሶላር ተከላና ጥገና ይዘው ወደየመንደራቸው ተመልሰዋል።

ከአሁን ጀምሮ በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ሁለት ሁለት አባላት እየተፈራረቁ መጋጠሚያዎቹን ይለካሉ፤ ደብተሩም ከቁጠባው ደብተር ጎን ይቀመጣል። ከሻይ በኋላ ቴስተሯ ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ናት፤ የፀጉር ማድረቂያውም ተሰክቷል። አምስት አምስት እየሆናችሁ ግቡ፤ ቀለበታችሁን በር ላይ ለቆመችው እህት ስጡ።