ድንኳን ጭኖ ወደ ሳነቴ

ለሐዋሳ ሰው የእረፍት ቀን ብዙ ጊዜ ሐይቁ ዳር ወርዶ ዓሣ መብላት ነው፤ ራቅ ካለም ላንጋኖ። ዛሬ ግን ልጆች ያላችሁን ሁሉ ድንኳን ጭናችሁ ባሌ እንድትወጡ ልለምናችሁ።

ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ በማለዳ የተነሣ መኪና ሻሸመኔን፣ ኮፈሌን፣ ዶዶላንና አዳባን አልፎ ዲንሾ ይደርሳል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፤ ድንኳን መትከያም አለ። የደጋ አጋዘን ከዛፎቹ ሥር ሲግጥ ልጆች በቅርብ ያያሉ።

በማግስቱ በጎባ በኩል ወደ ሳነቴ አምባ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሳነቴው ቱሉ ዲምቱ ተራራ ደግሞ 4,377 ሜትር። ሌሊቱ ውሃን በረዶ ያደርጋል። ጋቢና ወፍራም ብርድ ልብስ ያዙ፤ ትንፋሽ ያጠረውን ልጅ አታጣድፉት።

እዚያ ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታድን ታያላችሁ። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለችም፤ ካሉትም ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ባሌ ውስጥ ነው። ዩኔስኮ ፓርኩን በመስከረም 2016 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የባዕድ አገር ሰው ባሕር ተሻግሮ የሚያየውን የእኛ ልጆች በመጽሐፍ ብቻ ማወቃቸው ያንገበግበኛል።

አደራ፣ ውሻችሁን ቤት ተዉት። ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን በጅምላ ፈጅቶ ያውቃል። ከሳነቴ ቁልቁል ወርዳችሁ ሐረና ጫካ ስትደርሱ ደግሞ የጫካ ቡናና ማር አለላችሁ።