ከፎቶግራፉ ጀርባ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሰብሳቢያችን ጥቂት ተናገሩ ስላሉን ስለ ሟች ዕቃ እንናገራለን። የሳንሱሲ ሰው ድንኳን መትከልና ቀብር ማድረስ ከማንም አይማርም። ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ግን ሣጥኑ ይከፈታል፤ ጣጣው ያን ጊዜ ነው።

እናታችን በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ከሣጥናቸው ሥር አንድ ፎቶግራፍ አገኘን። አባታችን ቆመዋል፤ አጠገባቸው ካፖርት የለበሰ ጎልማሳ አለ። ማን ይሁን? እናታችን በሕይወት ሳሉ ስንት ጊዜ «ኑ ላሳያችሁ» ብለውናል። እኛ ደግሞ «ቆይ እማዬ፣ ሌላ ጊዜ» እያልን ውልቅ! ጀርባውን ብናየው አንዲት ፊደል የለበትም። 30 ዓመት መዝገብ ቤት ተቀምጠን፣ ስምና ቁጥር የሌለው ወረቀት አንቀበልም እያልን ባለጉዳይ ስንመልስ የኖርን ሰዎች ነን እኮ!

ሥዕል የምትወድ የልጅ ልጃችን ፎቶግራፉን አይታ በትልቅ ወረቀት ሣለችው። የቅድመ አያቷን ፊት አሳምራ አወጣችው። «ከዚህኛው ሥር ምን ብዬ ልጻፍ?» ብላ ስትጠይቀን መልስ አጣን።

ድሮ ባገር ቤት የሟቹ ልብስ፣ ጠመንጃና በቅሎ በለቅሶው ላይ እየታየ አልቃሿ ታሪኩን ታወጣው ነበር። በጃፓንም ብዙ ቤተሰብ የሟቾቹን መታሰቢያ በቤቱ ያኖራል፤ ሩዝና ውሃ ያቀርብለታል። እ.ኤ.አ. በ1945 ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲጣል ሺኒቺ ቴትሱታኒ የሚባል የ3 ዓመት ልጅ ባለሦስት እግር ብስክሌቱን ሲነዳ ተቃጠለ፤ በዚያው ሌሊት ሞተ። አባቱ፣ ይህን ሕፃን ብቻውን ሩቅ መቃብር አላስተኛም ብሎ፣ ከነብስክሌቱ በግቢው ቀበረው። ከ40 ዓመት በኋላ አጽሙን ወደ ቤተሰቡ መቃብር ሲያዛውር ብስክሌቱን ለከተማው ሙዚየም ሰጠ። ዝገት የበላው ብረት ነው፤ ግን አባትየው ስለተናገረ የልጁ ስም አልጠፋም።

በመስቀል አደባባይ፣ በ2002 ዓ.ም. በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም የሟቾች ፎቶግራፍና ከጅምላ መቃብር የወጣ ልብስ አለ። እኛ ግማሹን አይተን ወጣን፤ አልቻልንም።

እንግዲህ ሐሳባችን ይህ ነው፦ በሚመጣው ወር ስብሰባ እያንዳንዱ ቤት አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ይዞ ይምጣ። ወጣቶቻችን ከትልልቆቹ እየጠየቁ ስሙን ከጀርባው ይጻፉ፤ በእርሳስ ይሁን፣ እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋል። በዕድሜ ከገፉት እናቶች ይጀመር።

ካፖርት የለበሰውን ሰው የምታውቁ ብትኖሩ ፎቶግራፉ ኪሳችን ውስጥ ነው፤ ከስብሰባው በኋላ በሩ ላይ እንቆያለን።